ምሳ ሰዓት ላይ የሚዘጋው በር

በሰፈራችን «ጠርጥሬ» የምንለው ቁልፍ ሠሪ፣ የገዛ ጥላው ሲከተለው እንኳ «ማን ልኮህ ነው?» ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው ነው። የሰውን በር በአንዲት ሽቦ ይከፍታል፤ የራሱን በሦስት ቁልፍ ይጠረቅማል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ራሱ ያወጣው ይመስለዋል።

የጉሮሮ ካንሰር ይዞት የጨረር ሕክምናውን ሲጨርስ ዕጢው ጠፋ፤ መዋጥም አብሮ ጠፋ። ምራቁ ደረቀ፤ አንዲት ጉንጭ ውኃ እንኳ መንገድ ስታ ወደ ሳንባው እየሮጠች ታስለው ጀመር። ምግቡ ሆዱ ላይ በገባ ቱቦ ሆነ። የመዋጥ ልምምድ የምታሠራው ባለሙያ አስጠነቀቀችው፦

«አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው፣ ወፈር ያለ ሾርባ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዋጡ። የማይሠራ ጡንቻ ይሰንፋል፤ ያኔ ቱቦው አይወጣልዎትም።»

ለጥቂት ቀን ሞከረ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ሸተተው። ምሳ ሲደርስ ሚስቱና ልጁ ማዕድ ቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ፤ ያንሾካሹካሉ፤ አፋቸውን ጠርገው ሲወጡ ዓይኑን ይሸሻሉ።

«ሐኪሙ ሹክ ያላቸው ነገር አለ» አለኝ ሱቁ ደጃፍ ላይ። «ልሞት ነው! ለሚሞት ሰው ደግሞ የምን ልምምድ?»

ሾርባውን በድብቅ የቤቱን አበባ ያጠጣበት ጀመር። አበባዋ ጣሪያ ልትነካ ደረሰች፤ እሱ ከሳ።

አንድ ቀን ግን አላስቻለውም። ሽቦውን አውጥቶ የገዛ ማዕድ ቤቱን በር ኮሽ ሳያደርግ ከፈተ። ሁለቱም ቆመው፣ ጉንጫቸው እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ከአንድ ድስት ፓስታ ይሻማሉ።

«ያዝኳችሁ! ንገሩኝ፣ ስንት ቀን ቀረኝ?»

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?» አለች ሚስቱ ጉርሻውን እንደምንም አውርዳ።

«ሐኪሙ የነገራችሁን ነዋ!»

«ሐኪሙማ ዕጢው ጠፍቷል ነው ያለው፤ አንተም ሰምተሃል። አንተ ሳትበላ ፊትህ መጉረስ አንጀታችን አልችል ብሎን ነው እንጂ!»

«አባዬ ሙት» አለች ልጁ፣ «እንደ ሌባ ቆመን ስንውጥ እኛንም ሊያንቀን ነው። ያቺን ባለሙያ ለእኛም ጥራልን።»

ጠርጥሬ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ለማንኛውም ብሎ ድስቱንም አየ። የሚጠረጠር ነገር ሲያጣ ወንበር ሳበ።

«ሾርባ አለ?»

አገጩን ዝቅ አድርጎ አንድ ማንኪያ ዋጠ። ሳለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደግሞ ዋጠ፤ ወረደለት። ሁለቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ጉሮሮውን ያያሉ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለ። «ቁጭ በሉና ብሉ። ብቻዬን ስውጥ ደስ አይለኝም።»