ጎማው ዘንድሮ አልነካም

ጎማ የሰው ገበና ያወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቅዳሜ ጠዋት ወልቂጤ፣ ነስሩ ጎሚስታ ደጅ ላይ ነን... የአባዬ አሮጌ ዲኤክስ ክሪክ ላይ ተሰቅላ ትልልቅ ጎማ እየተገጠመላት ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ለመስቀል አገር ቤት ስንሄድ ከአገና ወዲያ በእንሰት ጓሮዎች መሃል የሚገባው መንገድ የመኪናዋን ሆድ ይፍቀዋል። አባዬ ደግሞ እሷ ድንጋይ በነካች ቁጥር ራሱን የነካው ይመስል «እህ!» የሚል ሰው ነው። ከፍ ትበል ብሎ ትልልቅ ጎማ ከነቸርኬው ገዛላት።

ነስሩ ያን ጊዜ «ባዶ መኪና አይታመንም፣ ተጓዡ በሙሉ ይግባ» አለን። እኔ መሪ ላይ፣ ወንድሜ ከጎኔ፣ እማዬ ከኋላ ገባን። እስከዚያ ደህና ነበር። አባዬ ከኋላ በቀኝ በኩል ገብቶ ዘፍ ሲል ግን መኪናዋ ቁጢጥ አለችና ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ነካ።

ነስሩ «በመዶሻ ላስፋው» ቢለው አባዬ «የኔን ቦርጭ ቀጥቅጥ እንጂ እሷን ንክች አታደርጋትም!» ብሎ ያለውን ሰው ሁሉ በሳቅ ገደለው። ጎማዎቹ ተፈትተው ሱቃችን ጓዳ ውስጥ ተቀመጡ።

ዘንድሮ አባዬ አታት ሆስፒታል ተመላለሰ፣ ተኝቶም ወጣ። ሐኪሙ ለእኔና ለእማዬ የነገረንን ለእሱ አልነገርነውም። «ፊትህ እኮ መለስ ብሏል» እንለዋለን። እማዬ ደግሞ ቀን ላይ ሸለብ ሲያደርገው የሱሪዎቹን ወገብ እየሰበሰበች ትሰፋለች... ሱሪው ልኩ ከሆነ መክሳቱን አያውቅም ብላ። እሱም ለብሶ ይወጣል፣ ምንም አይልም። ተሳካልን ብለን ነበር።

ባለፈው ሳምንት «እነዚያን ጎማዎች እስቲ እንደገና እንሞክራቸው፣ ለመስቀል አገሬ መግባት አለብኝ» ሲል በጣም ደስ አለን። አገሩ ካማረው ተሽሎታል ማለት ነው አልን።

ነስሩ ገጥሞ ጨረሰ። መሪውን ወዲህና ወዲያ እስከ ጥጉ አዞርኩ፣ የፊቶቹ ምንም አይነኩም። ከዚያ እንደ አምናው ሁላችንም በየቦታችን ገባን። ነስሩ ከኋላ ጎማ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ በስልኩ መብራት ያያል።

«እሺ፣ አሁን ጋሼ ይግቡ!» አለ ከታች።

«ገብቻለሁ» አለ አባዬ።

«አይ፣ ደህና አድርገው ይቀመጡ እንጂ! ጫፍ ላይ አይሁኑ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ ነስሩ።»

...

«እንዴ! ጣት ያስገባል እኮ! ዝቅም አላለች፣ ሞላ አስቀየራችሁ እንዴ?» አለ ነስሩ በደስታ። አባዬ ወፍራም ካፖርቱን ደርቦ ስለመጣ መክሳቱን ልብ አላለውም።

«አዎ!» አልኩ እየተጣደፍኩ። «አዲስ ሞላ ነው፣ ቡታጅራ ነው ያስቀየርነው።»

ቡታጅራ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ። መኪናዋ አባዬ ከታመመ ወዲህ አታት ደርሳ ከመመለስ በቀር የትም አልሄደችም። ያመላለሰችውም እሱን ራሱን ነው።

ነስሩ ተነስቶ እጁን እየጠረገ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። አባዬን ከቅርብ ሲያየው ሳቁ እዚያው ደረቀ። «አላህ ያሽርዎት ጋሼ» ብሎ ቶሎ ዞር አለ።

ስንመለስ እየነዳሁ በኋላ ማሳያው መስታወት አባዬን ሰረቅ አድርጌ አየዋለሁ። ድሮ ያን መስታወት እሱ ብቻውን ይሞላው ነበር... አሁን ከጎኑ መንገዱ ይታየኛል።

መናኸሪያውን እንዳለፍን «ልጄ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ሞላውን የቀየረልሽ ሰውዬ ጎበዝ ነው።»

ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ «አንቺስ? የኔን ሱሪ ወገብ የምታሠሪው እዚያው ቡታጅራ ነው?» አላት።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ እሷም የለየላት አልመሰለኝም። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አባዬ እጇን ያዘና «ተዪ በቃ... ስፌትሽ ግን ያምራል» አላት። እኔ እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ ነዳሁ።

ለመስቀል እንሄዳለን። ዘንድሮ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ አይነካም፣ አባዬም «እህ!» አይልም።

ምነው ያ ጎማ እንደ አምናው በነካ... እንኳን ፓራፋንጎው፣ መኪናዋም ትቀደድ።