ጋሽ ምስጋናውን ማን ያርማል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት አዳዲስ ዴቨሎፐሮች እየተቀበልን ነበር።

ለማታውቁ፣ የጾምና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ የስልክ አፕ አለን። ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው... የፈለገ ገብቶ ያያል፣ ያወቀ ያርማል፣ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ይሄን ስነግራት «ታዲያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» ትለኛለች። እሷን ማስረዳት ትቻለሁ።

የጀመሩት ጋሽ ምስጋናው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። ኮድ የተማሩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። እና አዲስ ሰው ሲመጣ አንድ ልማድ አላቸው። የራሳቸውን ኮድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያበሩና «በሉ ልጆቼ፣ ስህተት ፈልጉልኝ» ይላሉ። ስህተቷን ሆን ብለው ነው የሚከቷት። ሽማግሌ ማረም የፈራ ሰው እዚህ ሥራ ላይ አይበረክትም ባይ ናቸው።

የዚያን ቀኗ ስህተት የነነዌን ጾም ማክሰኞ የምታስጀምር ነበረች። ማክሰኞ! ነነዌ ሰኞ እንደሚገባ የማያውቅ ጎንደሬ ካለ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሦስቱም አዩ፣ አዩ...

«እህ፣ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ምስጋናው።

«ሸጋ ነው ጋሼ» አለ አንዱ። «ኧረ በጣም ሸጋ ነው» አለ ሌላው።

ውይ ይሉኝታ! ሳቄን ለማፈን ሻዬን አነሳሁ።

ሦስተኛዋ ግን ትንፍሽ አላለችም። ትርንጎ ትባላለች። አምባ ጊዮርጊስ ያደገች የቄስ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀችው አምና ነው። ኮዱን ታያለች፣ ወለሉን ታያለች፣ መልሳ ኮዱን ታያለች።

እረፍት ስንወጣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«እህቴ... እኔ ልሂድ መሰለኝ። መኪናም እንዳያመልጠኝ።»

«ገና በጠዋቱ የምን መኪና ነው? ምን ሆነሽ?»

እንባዋ መጣ። «አንድ ነገር አይቻለሁ። ግን እንዴት አድርጌ ነው እሳቸውን ያህል ሰው ተሳስተዋል የምለው? አባቴ ቢሰማስ ምን ይለኛል? ዝም ካልኩ ደግሞ ለምን መጣሁ? ይቅርብኝ።»

አንጀቴን በላችው። እንዲህ ብሎ የሄደ አዲስ ሰው እንደማይመለስ አውቃለሁ... ስንቱን ጎበዝ በዚያ በር ሸኝተናል መሰላችሁ። «አንቺ፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ተናገሪው በቃ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለካ ጋሽ ምስጋናው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ልጄ፣ አባትሽ ቄስ ናቸው አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ» አለች እንባዋን እየጠራረገች።

«ቅዳሴ ላይ ሲያነቡ አንድ ቃል ቢስቱ ማን ያርማቸዋል?»

«የሰማው ነዋ። ዲያቆኑም ቢሆን፣ ያስተማሩት ተማሪም ቢሆን... እዚያው ያርማቸዋል።»

«ታዲያ አይቀየሙም?»

«ምን ብለው ይቀየማሉ?» አለች፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት። «ቃሉ እኮ የሳቸው አይደለም!»

ጋሽ ምስጋናው በአገጫቸው ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ «ይሄም እኮ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ ቢሆን ኖሮ ቆልፌበት እቤቴ እተኛ ነበር።»

ትርንጎ ቦርሳዋን አወረደች። ተመልሳ ገባችና ግድግዳው ፊት ቆመች። ተሳስተዋል አላለችም። ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚታረመው፣ ትክክለኛውን ብቻ ጮክ ብላ ተናገረች።

«በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነው።»

እኔ ነነዌን ስጠብቅ... ልደት ከየት መጣ?

ጋሽ ምስጋናው መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። እውነትም ኮዱ ገናን ሁልጊዜ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው የሚያውለው። በየአራት ዓመቱ የሚመጣውን ዘመነ ዮሐንስን የሚለየው መስመር የለም! ባለፈው ሳምንት ኮዱን ሲያሳጥሩ አብረው ሰርዘውታል። እኔም አይቼ «ጥሩ ነው» ብዬ አሳልፌዋለሁ። ሰኞ ልንለቀው ነበር እኮ! ዮሐንስ ሲመጣ አገር ምድሩ ዶሮውን ሲበላ፣ የኛን አፕ ያመነ ምስኪን ሽሮውን ይዞ ሊቀመጥ ነበር።

«እኔ ያስቀመጥኩላችሁ ይቺን አልነበረም» አሉ ጋሽ ምስጋናው፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ይቺ የምሯ ናት።»

«ነነዌን ነው ያስቀመጡት?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። «እሷንማ አይቻት ነበር። ለነሱ ትሁን ብዬ ነው የተውኳት።»

«ሸጋ ነው» ያሉት ሁለቱ ልጆች መግቢያ ቀዳዳ ጠፋቸው። እኔ በሳቅ ልሞት!

ጋሽ ምስጋናው ግን አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሱና «ነይ ተቀመጪ፣ አንቺው ጻፊው» አሏት። ትርንጎ ስትጽፍ እሳቸው ከኋላዋ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ ተማሪ ይከታተሉ ነበር። እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ዕውቀቱ፣ ትናንት ለተመረቀች ልጅ ወንበሩን ሲለቅ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያብዛልን። እንዲህ ያለች ልጅም።

አሁን ሦስቱም አብረውን ናቸው። ትርንጎማ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ዛሬ ጠዋት ስልኬን ሳየው «እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽው ኮድ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ...» ብሎ የሚጀምር ረጅም መልእክት ልካልኛለች።

ቀሪውን ለማንበብ ወኔ እያሰባሰብኩ ነው።