እትዬ ሽቦ ካሜራውን ያዞሩበት ወር

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሽቦ ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር እየፈቱ፣ አሮጌውን የመዳብ ሽቦ አውጥተው አዲስ ሲጠመጥሙበት ኖረዋል። የውሃ ፓምፕ በሉ፣ የወፍጮ ሞተር በሉ፣ ከእጃቸው ሳይድን የወጣ የለም። ሙያውን ከሟቹ ባላቸው የተማሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ውሸት! ባልየውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ይህንን ሳይናገሩ የሚውሉበት ቀን የለም፤ እኛም እንደ አዲስ እንሰማቸዋለን፣ ምን እናድርግ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እሳቸው ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ፣ ሌባ ዓይኑን በጨው አጥቦ በፊት ለፊት በር ገባ። ከሥራ ክፍላቸው ሁለት ጥቅል ሽቦና መሰርሰሪያቸውን አንሥቶ ወጣ። በጠራራ ፀሐይ! እትዬ ሽቦን ያንገበገባቸው ዕቃው አይደለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! እኔን ንቆ ነው!» እያሉ ሦስት ቀን ሰፈሩን መቀመጫ አሳጡት።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ የመሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ። እሱም ክራቫቱን እንዳሰረ ከች አለ።

«እማዬ፣ በቃ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ፤ ይሄንን ቤት እናከራየዋለን።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ ምን ልሆን? ርግብ ነኝ?»

«ታርፊያለሻ!»

«ማረፉስ አይቀርልኝም፣ አታስቸኩለኝ።»

ሲጨቃጨቁ ዋሉ። በመጨረሻ እትዬ ሽቦ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ወር ስጠኝ። እኔ ሳላውቅ ሰው የተባለ ፍጡር ከዚህ በር ካለፈ፣ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ። ካላለፈ ግን ይሄ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሣብኝ!» ልጅየው ሳቅ ብሎ ተስማማ። «ለጥበቃው ካሜራ የማስገጥመው ግን እኔ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ካሜራ ገጣሚው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። አንዱን ካሜራ ሳሎን፣ እትዬ ሽቦ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት፣ ሌላውን ከመኝታ ቤታቸው በር በላይ ሊገጥም ሲለካ፣ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ከሥሩ ቆሙ።

«የኔ ጌታ፣ ሌባው ከአልጋዬ ሥር ነው እንዴ የሚወጣው?»

«ማዘር፣ የታዘዝኩት እንዲህ ነው።»

«ምስሉስ የት ነው የሚሄደው?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅዎ ስልክ ላይ።»

«እኔ ስልክ ላይስ?»

«እሱን እንኳ… አላዘዙኝም።»

ወይ ጉድ! ለካ የሚጠበቁት እሳቸው ኖረዋል እንጂ ቤቱ አይደለም። እትዬ ሽቦ ደማቸው ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን ስንቱን ሞተር ያስነሡ ሴትዮ እንደ ሕፃን ሊታዩ!

«ውረድ» አሉት። «ወርደህ ከእኔ ስልክ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አሳየኝ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ሰውየው ሁለት ጊዜ አሳያቸው፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ሠሩት። ሁለቱንም ካሜራ ወደ ውጭ አዞሯቸው፤ አንዱ የውጭውን በር እንዲያይ፣ አንዱ ጓሮውን። ከካሜራዎቹ ጋር የመጣውን፣ የሰው ገላ ሙቀት ሲያልፍበት የሚነቃውን ትንሽ ሴንሰር ደግሞ ከውጭው በር ፊት ለፊት፣ በደረት ከፍታ ሰቀሉት። እሱ ሲነቃ ስልካቸው ይጮኻል፣ ፎቶም ይመጣላቸዋል። ይሄ አልበቃ ብሏቸው ከአሮጌ ጭነት መኪና የተረፈ ክላክስ አያያዙበት። ሲሞክሩት የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ ጉዱ ፈላ። በየቀኑ፣ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ክላክሱ ያብዳል። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ ሮጦ መጣ። ሰው የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። በሦስተኛው ቀን ማንም ዝር አላለም።

«እትዬ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኮ ይሄ ነው» አላቸው ፀጉር አስተካካዩ።

«ጅብ የለመደበት እንደሚመለስ አታውቅም መሰለኝ!» አሉት። አሉት እንጂ አፍረዋል። ልጅየውም ወሬው ደርሶት ደውሎ ነበር፤ «ሻንጣሽን ላዘጋጅልሽ?» ሲላቸው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

በአራተኛው ቀን በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሴንሰሩን አፍጥጠው ጠበቁት። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ነፋስ መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ምስማሩ የወለቀ፣ ፀሐይ ያጋለው የአጥር ቆርቆሮ ተርገበገበ፤ ክላክሱ ጮኸ። እትዬ ሽቦ ጭናቸውን መቱ። «አይ ሞኝነቴ! ሙቀት ምን እንደሚሠራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያየሁ!»

ቆርቆሮውን በምስማር መቱት። ሴንሰሩንም ነቅለው ወደ ጎኑ ግድግዳ ወሰዱት፣ የገባ ሰው ሁሉ ፊቱን አቋርጦ እንዲያልፍ፤ ፊት ለፊቱ የሚመጣውን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፣ የሚያቋርጠውን ግን ወዲያው ይይዘዋል። የሰፈሩ ድመቶች እንዳያስነሡት የታችኛውን ዓይኑን በፕላስተር ሸፈኑት። ሳምንት ሙሉ ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄዱ።

«ከእንግዲህ ከጮኸ እውነቱን ነው። ጮኾ ካልመጣህ የፀጉር ማሽንህን ሁለተኛ አልነካልህም!»

«ኧረ እመጣለሁ እትዬ፣ እየበረርኩ!»

በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ ሽቦ ሽቦ ሊገዙ ወጥተው መደብሩ ውስጥ ሳሉ ስልካቸው ጮኸ። ሽቦውን ባንኮኒው ላይ ጥለው ከፈቱት። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። አንዱ የማያውቁት ሰው ነው፣ የሥራ ክፍላቸውን ግድግዳ በሜትር ይለካል። ሁለተኛው ክራቫት አስሯል፤ አባቱ ሲሞት የተሰጠው የውጭ በር ቁልፍ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል።

ልጃቸው! የገዛ ልጃቸው!

እትዬ ሽቦ ስልካቸው ላይ ያለችውን የካሜራውን መነጋገሪያ ተጫኑ። ድምፃቸው ከካሜራው ወጣ፤ «ሜትሩን አቅኑት እንጂ፣ ተንጋዷል!»

ሁለቱም ዘለሉ። ክላክሱ ከገቡ ጀምሮ ያገሳል፤ ልጅየው ግን በውሸት የለመደ ነው፣ ማንም አይመጣም ብሎ ንቆት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ «ያዘው!» እያለ ገባ፤ ከኋላው ሰፈሩ። ልጅየውን ሲያይ ግራ ገብቶት ቆመ።

«እሱን ነው!» አለ የእትዬ ሽቦ ድምፅ ከግድግዳው። «እስክመጣ እንዳትለቁት!»

ሲደርሱ ሜትር የያዘው ሰው «ለማከራየት ተስማምተዋል ብለውኝ ነው» ብሎ ሹልክ አለ። ልጅየው በሰው መካከል ላብ አጥምቆታል።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም!»

«ሌባው ሁለት ጥቅል ሽቦ ነው የወሰደው። አንተ ቤቴን ልትወስድ ነው የመጣኸው። ወሩ እንኳ እስኪሞላ አልጠበቅከኝም!»

ልጅየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ፈርቼ ነው። አባባን ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንቺንም እንደዚያ ባገኝሽስ?»

እትዬ ሽቦ ጠጋ ብለው ላቡን በነጠላቸው ጠረጉለት።

«እኔም እፈራለሁ ልጄ» አሉ። «ማን የማይፈራ አለ? ግን ፈርቼም ቢሆን የምኖረው ቤቴ ነው። አንተ ፈራህ ብዬ እኔ አልሰደድም! ጠዋት ጠዋት እደውልልሃለሁ። አሁን ቁልፉን አምጣ።»

«አንድ ነገር ብትሆኚ በምን ልገባ?»

«እሱ ይከፍትልሃል» አሉና ቁልፉን ተቀብለው ለፀጉር አስተካካዩ ሰጡት። «ስጮህ የመጣው እሱ ነው።»

ልጅየው ወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋው። ሰዉ ሁሉ አኩርፎ የሄደ መሰለው። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ሽቦ ስልካቸውን አወጡ። ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አዩት።

«ማነው?» አሉ፣ እያዩት።

«እኔ ነኝ፣ ልጅሽ። መግባት ይቻላል?»

ያን ጊዜ ከፈቱለት።