ሩሀማና የሰፈሩ ልጣጭ

ሩሀማ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ምግብ ቤት በጡረታ ስትወጣ ከልቧ ያልወጣላት ነገር ቢኖር ልጣጩ ነው። ስንት ዘመን ድንች ስትልጥ፣ ካሮት ስትፍቅ ኖራ፣ ልጣጩ በበርሜል እየተጫነ ሲደፋ ታይ ነበር። «ጌታ ከመሬት ያበቀለውን ለመሬት እንኳ አንመልስለትም» ትላለች፤ ሰሚ ግን አልነበራትም።

ቤቷ ከተማው ዳር፣ ወደ ቡሹሎ መውጫ ነው። በሰፈሩ መግቢያ ላይ ሁሉም ቆሻሻውን የሚወረውርበት ባዶ ቦታ ነበር። ያንን ቦታ ጎረቤቶቿን ለምና ተቀበለች። ጠረገችው፣ ጉድጓድ አስቆፈረች፣ ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረች፣ «ልጣጭና ትርፍራፊ እዚህ ድፉልኝ፣ ፌስታሉን ለብቻ፣ ሃይላንዱን ለቆራሌ» አለች። ቀስ በቀስ ሰው ለመደ። ልጣጩ ጥቁር አፈር ሆነ፤ አፈሩ ቆስጣ አበቀለ፤ ቆስጣውም በእስር በእስር እየሆነ በየደጁ ደረሰ። ሩሀማ ስትጸልይ ለአፈሩ ጭምር ማመስገን ጀመረች።

ታዲያ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልትገዛ ሄዳ፣ የዓሣው ሆድ ዕቃ ተከምሮ አየች። አፈር የሚያጠግብ ነገር እንዲህ ሲባክን ማለፍ አቃታት። በባልዲ አምጥታ ጉድጓዱ ላይ ደፋችው፤ አፈር ግን አላለበሰችውም።

በማግስቱ ሰፈሩን አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ የሐይቅ አሞራ ወረሰው። ራሰ በራዎቹ ወፎች በየጣሪያው ላይ ክንፋቸውን አጥፈው ቆሙ። ቆርቆሮው ሁሉ በኩሳቸው ነጣ፤ ተሰጥቶ የነበረ ልብስ እንደገና ታጠበ።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ጎረቤቶቹ ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ነገሩን ያነሱት የሰፈሩ ታላቅ፣ ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ሽፈራው ናቸው።

«ሩሀማ፣ ቆስጣሽን በልተናል፣ አንክድም። ግን ጣሪያዬ ላይ ሲረማመዱ እያደሩ እንቅልፍ አጣሁ። ጉድጓዱ ይዘጋ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ዓሣውን አርቄ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም። ጉድጓዱ ከተዘጋ ግን ቦታው ተመልሶ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሆነው» አለች ሩሀማ።

«እኔማ ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች መስለውኝ በር ልከፍት ነበር» አለች ጎረቤቷ ቃልኪዳን። አንዳንዱ ሳቀ። ጋሽ ሽፈራው ግን አልሳቁም።

«ይዘጋ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ።

ብዙ እጅ ወጣ። ሩሀማ አንገቷን ደፋች። በዚህ መሀል አንድ አባ ኮዳ ከጣሪያ ወርዶ፣ ሰውን ከቁብ ሳይቆጥር በመካከላቸው አልፎ፣ መንቆሩን ልጣጩ ውስጥ ሰደደና የታሰረ ጥቁር ፌስታል ጎትቶ አወጣ። ሲያራግፈው ፌስታሉ ተቀደደ፤ ከሽንኩርት ገለባ ጋር አንድ ቡናማ ጫማ ወደቀ።

ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄ ጫማ የኔ አይደለም?»

ሁሉም ወደ ሚስታቸው ወደ ሮማን ዞረ።

«ሌባ ወሰደው አላልሽኝም?»

«ሶሉ ተገንጥሎ ጧ ጧ እያለ ጸሎት ቤት ስትገባ አፍሬ ነው» አለች ሮማን። «አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ትተወዋለህ ብዬ ነው እንጂ።»

«ምን እተወዋለሁ፣ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሌባዎን እኮ አባ ኮዳ ያዘልዎት» አለች ቃልኪዳን።

ያን ጊዜ ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የወጣው እጅ ሁሉ ወረደ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «የኔው ቤት በፌስታል አስሮ እየጣለ፣ እኔ በምን አፌ ይዘጋ እላለሁ? ይቆይላት። ዓሣም ፌስታልም ግን አይግባ።»

«አሜን» አለች ሩሀማ።

ወፎቹም የሚበሉት ሲያጡ ወደ ሐይቁ ተመለሱ። ጋሽ ሽፈራው ጫማውን ለጫማ ሰፊ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የቤታቸውን ልጣጭ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ባልዲውን ሩሀማ ፊት ያስቀምጡና፣

«ፈትሺው» ይሏታል። «ሮማን አትታመንም።»