በየሻንጣችን የመጣው ሞተር ሳይክል

ወደ አገራችሁ ተመለሱ የሚለው ትዕዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ካምፓችን ያረፈበት ቀይ ኮረብታ በዚያ ሰዓት ጥላ የለውም። መቶ አለቃው ከድንኳኑ ወጥቶ በአጭሩ ነገረን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተተኪው ጦር ይገባል፤ እስከዚያ ግን ውሃ የሚቀዱትን ነዋሪዎች ማጀቡ ይቀጥላል። አላጨበጨብንም። እርስ በርስ ተያየንና ወደ ሥራችን ተመለስን። ድምፅ ያወጣው ሰይድ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ሙሽራዋ ትፈታ» አለ።

ሙሽራ የሚለው ሞተር ሳይክሉን ነው።

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁኝ ለምትማሩት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነው። ዕድሜዬን አይታችሁ «ጋሼ» ትሉኛላችሁ። ግዳጅ ላይ ምን እንዳየሁም ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የምፎክርበት ነገር የለኝም። በደንብ የማውቀው ስለ አንድ ጓደኛዬና ስለ አንድ ሞተር ሳይክል ነው።

አስር አለቃ ሰይድ የቡድናችን መኪና ጠጋኝ ነበር። ቤተሰቡ ከወሎ የመጣ ሲሆን እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እሪ በከንቱ ነው። አባቱ ጋሽ ሙሄ ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰይድ ቀጭን፣ ረጅምና ቀልደኛ ነበር። ለእያንዳንዷ የጭነት መኪና ስም ያወጣል፤ ሲያስነሳትም በስሟ ይጠራታል። እኔን፣ መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ፣ «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር። ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ መኪኖቹ ሥር የሚገባው እሱ ነው። በእሱ እጅ ያለፈ መኪና መንገድ ላይ ቆሞብን አያውቅም ማለት እችላለሁ።

ሰላም ለማስከበር በተላክንበት አገር መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። አንዳንዶቻችን እዚያ በርካሽ የሚሸጥ መኪና እያየን ስንመኝ፣ መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ለአገራችን አይሆኑም ተባልን። ሰይድ ሳቀብን። «የሞተር ሳይክል መሪ መሃል ላይ ነው» አለ። «ማንም ግራ ነህ ቀኝ ነህ አይለውም።» ከዚያም ገበያ አጠገብ ካለች መንደር፣ ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የማይነሳ ሞተር ሳይክል ገዛ። ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ዶሮዎች መቀመጫው ላይ ያድሩበት ነበር። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ሲጠግነው እኛ መፍቻ እናቀብለዋለን። ከወራት በኋላ ሲነሳ መቶ አለቃው ሳይቀር መጥቶ አየው።

ሰይድ የገዛው ለራሱ አልነበረም። ፒያሳ ብዙው ሰፈር ሲፈርስ የጋሽ ሙሄ ደንበኞች ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። ሰው ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ከዳር እስከ መሃል ከተማ አይመጣም። እህቱ ዘሃራ የተሰፋውን ልብስ በሦስት ታክሲ እየቀያየረች ታደርሳለች፤ ልብሱ ተጨማድዶ ይደርሳል፣ ቀኑም በአንድ ደንበኛ ያልቃል። አባቱ በስልክ ሱቁን ሊዘጉ እንደሆነ ነግረውት ነበር። ሰይድ «እስክመጣ እንዳትዘጋው» ብሎ ለመናቸው። ዘሃራንም ሞተር ሳይክል መንዳት እንድትማርና መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ አዘዛት። እሷም አወጣች። የቀረው ሞተር ሳይክሉ ብቻ ነበር።

የሚወስደን አውሮፕላን ግን ለሙሉ ሞተር ሳይክል ቦታ አልነበረውም። መቶ አለቃው ጥቂት አሰበና «አካሉንና ኢንጂኑን ከቡድኑ ዕቃ ጋር እጭናለሁ። ሌላውን በየሻንጣችሁ ከያዛችሁ ክብደቱ የእናንተው ነው» አለ። በማግስቱ ሸራ ዘርግተን ፈታነው። ሰይድ እያንዳንዱን ዕቃ በቤንዚን አጥቦ አደለን። የቡድኑ መሪ ሃምሳ አለቃ ታደለ መሪውን ወሰደ። ለእኔ የኋላ ጎማውን የሚጎትተው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ደረሰኝ። «ፕሮፌሰር፣ አንተ ጎታች ነህ» አለኝ። የካቴናው ግራሶ የነካው ደብተር እስካሁን አለኝ።

የፊት መብራቱን ለማንም አልሰጠም። ሃምሳ አለቃ ታደለ ጣለው ብሎት ነበር። መብራቱ የተሠራው በግራ ለሚነዳበት አገር ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ግራ ያጋድላል፤ በእኛ አገር መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ሰይድም ያውቃል። «ስገባ እቀይረዋለሁ» አለ። «እስከዚያ ግን ዓይኗን አውጥቼ አልወስዳትም።» በሸሚዝ ጠቅልሎ ከራሱ ሻንጣ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ የቀረን አንድ እጀባ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶችና ሕፃናት በሁለት የጭነት መኪና ተሳፍረዋል። እኛ ከፊትና ከኋላ ነን። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ደረቁ ወንዝ ጋ ደረስን። ከጎናችን ካለው ጉብታ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱብን። ወርደን መሬት ያዝን። አጸፋ መለስን። የፊተኛው መኪና ወንዙን ተሻገረ። የሁለተኛው ሞተር መሃል ወንዝ ላይ ጠፋ። ሾፌሩ ክንዱን ተመትቷል። መኪናው ላይ ያሉት ሰዎች መውረጃ የላቸውም።

ሰይድ ከአጠገቤ ነበር። ሃምሳ አለቃ ታደለ እንዳይነሳ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሰይድ መሣሪያውን ጀርባው ላይ አዞረ።

«ሽፋን ስጡኝ። መኪናዋ እኔን ታውቀኛለች» አለ።

በደረቱ ተስቦ መኪናው ጋ ደረሰ። የኢንጂኑን ክዳን ከፈተ። እኛ ያለንን ሁሉ ወደ ጉብታው ተኮስን። ምን እንዳደረገ አላየሁም፤ የኢንጂኑ ድምፅ ሲነሳ ግን ሰማሁ። ክዳኑን ዘግቶ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ሾፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ ወጣ። መኪናው ሲሄድ ሰይድን የሚከልለው ነገር አልነበረም። የተመታው ያኔ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ተኩሱ ቆመ። እሱ ጋ ስንደርስ አርፎ ነበር። ከመኪናው ላይ አንድም ሰው አልሞተም።

አስከሬኑ ከእኛ ቀድሞ አገር ገባ። ቀብሩ ላይ አልደረስንም። ስለዚህ እኛ ልናደርግለት የምንችለው ሞተር ሳይክሉን ለአባቱ ማድረስ ብቻ እንደቀረ ሁላችንም ሳንነጋገር አውቀነዋል።

አዲስ አበባ ስንገባ ጉምሩክ ላይ ሻንጣችንን ከፈትን። ከአንዱ ሻንጣ ፍሬን፣ ከአንዱ ስፖኪዮ፣ ከእኔ ካቴና ወጣ። ሠራተኛው መነጽሩን አውልቆ ተመለከተን። አንድ ወታደር ከግዳጅ ሲመለስ ሲገለገልበት የነበረውን ዕቃ በስሙ ማስገባት እንደሚችል ነገረንና ሞተር ሳይክሉ የማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የአስር አለቃ ሰይድ ነው» አለ ሃምሳ አለቃ ታደለ።

«እሱስ የታለ?»

 ከኋላዬ የቆመ የቡድናችን ልጅ የሃምሳ አለቃውን እጅጌ ጎተት አድርጎ «የኔ ነው በለው፣ ይለቅልሃል» ብሎ አንሾካሾከ። ሃምሳ አለቃ ታደለ ዞር ብሎ «ሰይድ በሕይወቱ ያልዋሸውን ሞቶ አናስዋሸውም» አለና ለሠራተኛው የሆነውን ሁሉ ነገረው።  ሰውየው ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰና ደንቡን ነገረን። የሟች ዕቃ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ግን እንዲህ ተበታትኖ ሲታይ መለዋወጫ እንጂ ሞተር ሳይክል አይባልም። አባቱ በተገኙበት ተገጣጥሞ ቆሞ መታየት አለበት። ከእኛ ጋር የመጣው የሰይድ ሻንጣም የሚከፈተው ያኔ ነው።

ጋሽ ሙሄ ከዘሃራ ጋር የመጡት ረፋዱ ላይ ነው። በጉምሩኩ ግቢ ሸራውን ዘርግተን ጠበቅናቸው። ተራ በተራ እጃቸውን ሳምን። እሳቸው የያንዳንዳችንን ስም ጠየቁ፤ ብዙዎቻችንን ከልጃቸው ወሬ ያውቁን ነበር። እኔን ሲያዩ «ፕሮፌሰሩ አንተ ነህ?» አሉኝ። ከዚያ ቆመው ስንገጥም አዩን። እንደ ሰይድ ፈጣን አይደለንም። ካቴናውን ሁለት ጊዜ አሳስቼ አስገባሁት። ሁለተኛውን ዘሃራ ናት ያየችው፤ ጎንበስ ብላ አስተካከለችልኝ።

በመጨረሻ የጎደለው መብራቱ ነበር። ሻንጣው መጣ። ጋሽ ሙሄ ከፍተው የተጠቀለለውን ሸሚዝ አወጡ። ራሳቸው የሰፉት ሸሚዝ ነው። መብራቱን ለሃምሳ አለቃ ታደለ ሰጡና ሸሚዙን በሁለት እጃቸው ዘርግተው አዩት።

«ቁልፍ ወድቆበታል» አሉ።

አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት።  መብራቱ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ በሁለት እግሩ ቆመ። ሠራተኛው ዞሮ አየውና ለደንቡ ያህል እንደገና የማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የሰይድ ነው። እኔ አባቱ ነኝ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ሰውየው ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ፈረመላቸው።

ሰሌዳ ለማውጣት ምርመራ ሲቀርብ የፈራነው መጣ። መብራቱ ወደ ግራ ስለሚያበራ መቀየር አለበት ተባለ። እኛ ለልመና ተዘጋጅተን ነበር። እንዲያው ለመታሰቢያ ይለፍ ልንል። ጋሽ ሙሄ ከለከሉን። «ልጄ ሰው የሚጎዳ ዕቃ መኪና ላይ አይተውም ነበር። ቀይሩት» አሉ። ዘሃራ አዲሱን መብራት በራሷ እጅ አሠረችው።

አሁን ዘሃራ ልብሱን ከኋላዋ በሳጥን ዘርግታ ዳር ከተማ ድረስ ታደርሳለች። ሱቁ አልተዘጋም። እኔ ከትምህርት ስወጣ አንዳንድ ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወርጄ ጋሽ ሙሄን እጠይቃለሁ። የሰይድን መብራት ስፌት መኪናቸው ላይ ሲቀመጡ ከጀርባቸው ባለው ግድግዳ ከፍ አድርገው ሰቅለውታል። መብራት ሲጠፋ ከአንድ አሮጌ ባትሪ ጋር ያገናኙታል። ለምን ሌላ አምፖል እንዳልገዙ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ «የስፌት መኪና መርፌው በግራ ነው» አሉኝ።

ከቡድናችን የሞተብን አንድ ሰው ነው። ስለ ጦርነት ለሚያወራ ሰው አንድ ትንሽ ቁጥር ነው። እኛ ግን ጋሽ ሙሄ ሱቅ በተሰበሰብን ቁጥር ሃምሳ አለቃ ታደለ ከእጀባ ስንመለስ ያደርግ እንደነበረው ሲቆጥረን አንድ የሚለው ለሰይድ ነው፤ እኛ ከሁለት እንጀምራለን።