ለአንድ ቁጥር ብቻ የሚጮህ ስልክ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰሌዳው ዞር ስል የአስረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሙሉ አቀርቅረዋል። የሚጽፉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ደብተሩ እንደተከደነ ነው፤ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። አንዱ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይዟል።

በማግስቱ ባዶ ካርቶን ይዤ ገባሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ ስልክ እዚህ ይቀመጣል። የመውጫው ደወል ሲደወል ትወስዳላችሁ» አልኩ።

አጉረመረሙ። «ቲቸር፣ ዲክሽነሪ እኮ ነው!» አለ አንዱ። ቢሆንም ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሞላ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እስኪደርስ። እዚያ የምትቀመጠው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ በእግሯ እየወረደች የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

«እኔ አልሰጥም» አለች።

«ለምን?»

«አልሰጥም ቲቸር። ከፈለጉ ያስወጡኝ።»

አስወጣኋት። በሚቀጥለው ቀንም ያንኑ ስትደግም ወላጅ እንድታመጣ ነገርኳት።

እናቷ የሥራ ጋውናቸውን እንደለበሱ መጡ። ሲግናል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው።

«ትንሹ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት» አሉኝ። «እኔ ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት አይፈቀድልኝም። ቀን ቀን የምትጠብቀው ጎረቤቴ ናት። ሲጥለው ትደነግጣለች፤ ግራ ይገባታል። ሐኪሙ ምን እንደሚደረግ ያስረዳው ለዚህችው ልጄ ነው።»

ግን ለአንዷ ስልክ ብለቅ ነገ ሁሉም ሰበብ ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ጎረቤትዎ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ይደውሉ፤ ጸሐፊዋ መጥታ ትጠራታለች» አልኳቸው። ቅር እያላቸው ተስማሙ። ልጅቷም ስልኳን ካርቶኑ ውስጥ ከተተች።

ብዙም ሳይቆይ ልጁን ጣለው። ያን ዕለት ጸሐፊዋ ስብሰባ ተጠርታ ነበርና ስልኩ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ልጅቷ የሰማችው ቤት ስትገባ ነው። ወንድሟን ግንባሩ ተፈንክቶ ተኝቶ አገኘችው። ጠዋት መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ቢሮው አላነሳም» አለች። ምነው በሰደበችኝ አልኩ በልቤ።

አጠገቤ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ተዪው በቃ፣ ሁሉም ይያዙ። ከልጆች ጋር ምን አታገለሽ?» አለኝ።

መተው ግን አልቻልኩም። ካርቶኑ ከገባ ወዲህ፣ ከኋላ ተቀምጠው ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች እጅ ማውጣት ጀምረዋል። ያንን መልሼ ለቲክቶክ አልሰጥም። የእሷም ነገር እንዲሁ ሊቀር አይችልም።

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ስል ጠየቅኳት።

መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አውጥታ ነካካችው። «የጎረቤታችን ቁጥር ብቻ እንዲጮህ አደርገዋለሁ። ሌላው አይሰማም። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ካልጮኸ አልነካውም።»

በዚያው ቀን፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ፣ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ ሳደርገው የዲክሽነሪው ልጅ ብድግ አለ። «ለእሷ ብቻ ለምን ተፈቀደ?» እኔ ከመመለሴ በፊት እሷው ቆመች። በየቤቱ የሚደበቀውን የወንድሟን በሽታ ስሙን ጠርታ ነገረቻቸው። ልጁ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የኬሚካል እኩልታ እያመጣጠንን ሳለ ስልኩ ጮኸ። መጥታ አነሳችውና ረጋ ብላ በኦሮምኛ ማውራት ጀመረች። ቋንቋውን የሚያውቁት ለማያውቁት በሹክሹክታ ይተረጉማሉ፤ ክብሪቱን ተዪው፣ በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ፣ ሰዓት እያየሽ ጠብቂ። እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። እኛም አብረናት ጠበቅን።

«ነቃ» አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ ለሁላችንም።

«ሂጂ፣ ቤት ግቢ» አልኳት።

«አሁን ይተኛል ቲቸር። ትምህርቱን ልጨርስ።» ስልኩን መልሳ አስቀምጣ ቦታዋ ገባች።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ጉዳዩን ለመምህራን ስብሰባ አቀረብኩት፦ በትምህርት ሰዓት ስልክ ይሰብሰብ፤ የእውነት ችግር ያለበት ልጅ ግን ይንገረንና ስልኩ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይሁንለት። ተከራከርን። «ዘመኑ የስልክ ነው» ያሉኝ ነበሩ፤ «ስልኩን ሁሉ ማን ይጠብቃል?» ያሉም ነበሩ። «እኔ እጠብቃለሁ» አልኩ። ዘንድሮ የአስረኛ ክፍል መምህራን በሙሉ እንዲህ ያደርጋሉ። የሌሎቹ ክፍሎች ገና ነው፤ በየስብሰባው እያነሳሁት ነው።

ልጅቷ አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ወንድሟም መድኃኒቱ ተስተካክሎለት ትምህርት ጀምሯል። የመጀመሪያው ቀን አብራው ሄዳ፣ ከጣለው ምን መደረግ እንዳለበት ለመምህሩ ራሷ አስረድታ መጣች።