ሁለታችን ብቻ የምንግባባበት ጃፓንኛ

የባሌ ታላቅ እህት ተኳሽ ናት። ወታደር እንዳትመስላችሁ፤ የምትተኩሰው ካልሲ ነው። ካልሲ ፋብሪካ ውስጥ፣ እንፋሎት የሚተፋ ጠረጴዛ ፊት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ቤት ስትገባ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋን ተጋግዘን ነው የምናወልቀው። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ሁለት ልጅ ወልጄም ሙሽሪት ነው የምትለኝ።

ጃፓንኛ የጀመርነው አብረን ነው። በወጣቶች ማዕከል በነጻ ይሰጥ ነበር። እኔ እርጉዝ ስለነበርኩ ከቤት መውጫ ሰበብ ፈልጌ ነው የገባሁት። እሷ ግን የፋብሪካው ማሽኖች ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ቆርጣ ነበር። በዓመቱ አስተማሪያችን ወደ አገሯ ተመለሰችና ትምህርቱ ቆመ። ከአሥራ አራት ተማሪ አሥራ ሁለቱ በወሩ ጃፓንኛውን ደህና ሰንብት አሉት።

እኛ ግን አንድ ሕግ አወጣን፦ ልብስ ስናሰጣ ከጃፓንኛ በቀር አንድ ቃል አይወጣንም። ሕጉን ሦስት ዓመት ጠበቅነው። እሷ ስትሳሳት እኔ አርማታለሁ፣ እኔ ስሳሳት እሷ ታርመኛለች። እውነቱን ለመናገር አራሚነቱ እኔ ላይ ይበዛ ነበር፤ ኮስታራ ነበርኩ። ንግግራችን እየፈጠነ ሄደ። ባሌ በመስኮት ብቅ ብሎ «እኔን ነው የምታሙት አይደል?» ይላል። አንዳንዴ አልተሳሳተም።

ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው ከጃፓን አዲስ የካልሲ መሥሪያ ማሽን አስመጣ፤ የሚተክለው ጃፓናዊ ባለሙያም አብሮ መጣ። የተቀጠረው አስተርጓሚ በመጀመሪያው ቀን ታሞ ቀረ። አለቃው ጃፓንኛ እንደምትችል ሰምቶ ኖሮ እትዬን ከጠረጴዛዋ አስጠራት።

«ይሄን ከተወጣሽው ጥገና ክፍል አዛውርሻለሁ» አላት።

ተኳሾቹ ለቀቋት መሰላችሁ? «ኧረ አስተርጓሚያችን! ለኛም ይሄ ካውያ ምን እንደሚል ንገሪን!» እያሉ ሸኟት።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ባለሙያው ፈገግ ብሎ ሰማትና «በጣም ጎበዝ ነሽ!» አላት። አለቃው ደስ አለው። ስለ ክሩ ውጥረት ጠየቀችው፤ ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ የዘይት ጣሳ አመጣላት። ስለ መርፌዎቹ ጠየቀችው፤ አሁንም «ጎበዝ ነሽ» ብሎ ወረቀት አወጣና ሥዕል መሳል ያዘ። ያኔ ነገሩ ገባት። እያሞገሳት ነው እንጂ ካለችው አንዱም አልገባውም።

«እሺ፣ ላስነሳው?» አለ አለቃው፣ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ። «ምን አለ?»

አዎ ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ጥገና ክፍሉ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው።

«አያስነሱት ጌታዬ። አልተግባባንም።»

«ይሄን ሁሉ ስታወሩ ቆይታችሁ?»

«ያወራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ጨዋ ሆነው ነው።»

የሰውዬውን እርሳስ ተቀበለችና ጥያቄውን ከመማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንዳጠናችው አድርጋ፣ ፊደል በፊደል፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈችው፦ አሁን ይነሳ? ሰውዬው አነበበና ሁለት እጁን አጣምሮ የለም፣ የለም አለ። በርከክ ብሎ ከማሽኑ ሥር ያሉትን አራት ቀይ ብሎኖች አሳያት። ማሽኑ በመንገድ እንዳይናጥ የታሰሩ ናቸው፤ ሳይፈቱ ቢነሳ መርፌው ሁሉ ይረግፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በወረቀት ሆነ። በቀን የሚያልቀው ሁለት ቀን ፈጀ፤ አለቃውም ሲያጉረመርም ዋለ። እትዬ ግን ወረቀቱ ጥግ ላይ «ስሳሳት ይንገሩኝ» ብላ ጻፈችለት። ሰውዬው አፍሮ ሳቀ። ደግማ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ያን ጊዜ ያርማት ጀመር፤ ያውም ማቆሚያ አልነበረውም።

ቤት ስትመጣ ገና ከበሩ፣ «ሙሽሪት፣ ያ የምናወራው ነገር የጃፓኖች አይደለም» አለችኝ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የኔና ያንቺ።»

ክው አልኩ። ሦስት ዓመት ኮስተር ብዬ ያረምኳት ስህተት ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ። «ይቅር በይኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ» አልኳት።

«እውር ለእውር ቢመራራ ተያይዞ ገደል አሉ!» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ግን ስሚ፣ ማንበቡ አልጠፋንም። ንግግሩንም ባናወራው ኖሮ፣ ዛሬ የሚታረም ነገር ከየት ይገኝ ነበር?»

አለቃው ቃሉን በግማሽ ጠበቀ፦ ጠዋት ካልሲ፣ ከሰዓት በኋላ ጥገና ክፍል። ትናንት የጥገና ክፍል የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። የማሽኑን የጃፓንኛ መመሪያ ሰጧትና ስታነብ ዋለች፤ ያልገባትን በእርሳስ እያሰመረች። አሥራ ዘጠኝ ቦታ አሰምራለች። ባለሙያው የሚሄደው ነገ ማታ ነው፤ ጠዋት ካልሲ ከመጀመሯ በፊት ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ልትይዘው፣ ዛሬ ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ ጮክ ብላ እያነበበችልኝ ነው። እኔም መጽሐፉን ይዤ አዳምጣታለሁ። ሳልገልጥ አላርማትም።